ለገበሬ ተሠርቶ ለቄስ የቆየ ቤት፦ የአልፍሪስተን የካህናት ቤት ግንባታና እድሳት

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምንነጋገርበት ቤት የሚገኘው በደቡብ እንግሊዝ፣ በምሥራቅ ሰሴክስ፣ አልፍሪስተን በምትባል መንደር ነው። ከቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከከክሜር ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ዝቅ ባለ መስክ ላይ ተቀምጧል። የሳር ክዳን ያለው፣ ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ነው። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር በተመሠረተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በ10 ፓውንድ ገዝቶታል። ማኅበሩ የገዛው የመጀመሪያ ሕንፃ ይህ ነው። ስለ ቤቱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከዚህ ዋጋ ተነስቶ እዚያው ያበቃል። እኛ ግን የምንነሳው ከእንጨቱ ነው፤ ቤቱ ለምን ስድስት መቶ ዓመት እንደቆመና ለምን ሊፈርስ እንደተቃረበ የሚነግረን እንጨቱ፣ ጭቃውና ወለሉ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «የካህናት ቤት» ቢባልም አሠራሩ የቤተ ክህነት አይደለም። በኬንትና በምሥራቅ ሰሴክስ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዚህ ዓይነት ቤቶች አሉ፤ አካባቢው ዊልድ ስለሚባል ቤቶቹም «የዊልድ ቤት» ይባላሉ። ያሠሯቸው የራሳቸው መሬትና ጥሪት የነበራቸው ገበሬዎች ናቸው። ይህኛውም ለገበሬ እንደተሠራ ይታመናል። ከቤተ ክህነት ጋር ያገናኘው የሚችልሃም ገዳም ነው። ይህ የአውግስጢኖስ ሥርዓት ገዳም በ1398 የአልፍሪስተንን ቤተ ክርስቲያን ከነገቢው ተረከበና አጥቢያውን የሚያገለግል ቄስ አስቀመጠ፤ ቤቱም ከዚያ በኋላ የቄስ መኖሪያ ሆነ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ መስቀል ወይም የጸሎት ክፍል የሚፈልግ ጎብኚ ያዝናል። ቄሱ የኖረው እንደ ደህና ገበሬ ነው፤ መተዳደሪያውም አሥራትና የቤተ ክርስቲያን መሬት ስለነበረ አንድ ጎተራ የሞላ ገበሬ የሚፈልገው ቤት ለእርሱም ይስማማው ነበር።

የወለሉ አቀማመጥ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይሆንም፤ አዳራሽ፣ እልፍኝና ጓዳ ነው። መሃሉን አዳራሹ ይይዛል። ከመሬት እስከ ክዳኑ ጣሪያ የለውም፤ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያገኘው የክዳኑን ወራጆች ነው። በአንዱ ጫፍ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ቤቱን ከፊት ወደ ኋላ የሚያቋርጥ መተላለፊያ አለ። ከመተላለፊያው ወዲያ ያለው ጓዳ ነው፤ በዚህ ዓይነት ቤት ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለዳቦና ለደረቅ እህል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የባለቤቱ እልፍኝ አለ፣ ከላዩም መኝታው። የቤቱ ጌታ ገበታ የሚዘረጋው በአዳራሹ ውስጥ ወደ እልፍኙ ባለው ወገን፣ ከበሮቹ ነፋስ ርቆ ነበር። እሳቱ የሚነደው ወለሉ ላይ ሲሆን ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር አልነበረም። መስኮቶቹም መስታወት የላቸውም፤ በማዕዘናቸው ወደ ውጭ የዞሩ የእንጨት ዘንጎች ቆመውባቸው፣ ሲበርድ በእንጨት መዝጊያ ይዘጉ ነበር።

የዊልድን ቤት ከሌሎች የሚለየው ግን የፊት ገጽታው ነው። ሁለቱ ጫፎች ፎቅ አላቸው፤ ፎቁም ከታችኛው ግድግዳ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ይንጠለጠላል። መሃሉ ላይ ያለው አዳራሽ ፎቅ ስለሌለው ግድግዳው ከመሬት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሆኖ ይታያል። ክዳኑ ግን አንድ ወጥ ነው። የክዳኑ ጠርዝ በሁለቱ ጫፎች ፎቅ ላይ አርፎ በአዳራሹ ፊት ለፊት በአየር ላይ ያልፋል። በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ክዳኑን የሚሸከመው ረጅም አግዳሚ ግድግዳ የለውም፤ ከሁለቱ ጫፎች ማዕዘን ምሰሶ ተነስተው በሚወጡ ቆልማማ ድጋፎች ነው የሚያዘው። በዚህ ዓይነት ቤት ሁሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ አግዳሚ ነው። የሳር ክዳን በአንድ ካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ይጨምራል። አግዳሚው መሃሉ ላይ ጎብጦ ከሆነ፣ ከድጋፎቹ አንዱ መጋጠሚያው ላይ ለቋል ማለት ነው። ከታች ምሰሶ ማቆም ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭነቱ መሬት ላይ ወደሌለ መሠረት ይሄዳልና ችግሩን ቦታ ማስቀየር ብቻ ነው። የላላውን መጋጠሚያ መክፈትና መጠገን ይሻላል።

እንጨቱ ኦክ የሚባለው ባሉጥ ነው። አናጺው የሚጠርበው እርጥቡን ነው፤ ባሉጥ ከደረቀ በኋላ መሣሪያ ያዶለድማል። መላው የቤቱ አጽም በአናጺው ግቢ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይገጠም ነበር። እያንዳንዱ መጋጠሚያ የሮማ ቁጥር ይቀረጽበታል፣ ከዚያ ይፈታል፣ በጋሪ ይጓዛል፣ በቦታው ላይም ቁጥሩ ከቁጥሩ እየተጣመረ ይቆማል። እነዚህ ቁጥሮች በብዙ አሮጌ ቤቶች ዛሬም ይነበባሉ። ቅደም ተከተላቸው የተዛባበት ቦታ ካለ፣ እንጨቱ በኋላ የተቀየረ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ለአጥኚ ከማንኛውም ሰነድ የበለጠ ይጠቅማሉ።

መጋጠሚያው ላይ የብረት ሚስማር የለም። በአንዱ እንጨት ጫፍ ምላስ ይወጣል፣ በሌላው ላይ የምላሱ ልክ ይቦረቦራል፣ ከዚያም በሁለቱም በኩል አልፎ የሚሄድ ቀዳዳ ይበሳል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ በምላሱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከሌላው ጋር በትክክል እንዳይገጥም ሆን ተብሎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው ይጠጋል። ተሰንጥቆ የተጠረበና የደረቀ የባሉጥ ችካል በመዶሻ ሲገባ ቀዳዳዎቹን ለማስተካከል እየታገለ ምላሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። እርጥቡ እንጨት በሚቀጥሉት ዓመታት ሲደርቅና ሲኮማተር ችካሉ ይዞ ያቆየዋል። ችካሉ እርጥብ ከሆነ ግን እርሱም አብሮ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይላላል። በእድሳት ጊዜ ብረት ማስገባት ግድ ከሆነ የማይዝግ መሆን አለበት፤ ባሉጥ ውስጥ ያለው አሲድ ተራውን ብረት ይበላዋል፣ የዛገውም ብረት አብጦ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

ወደ ክዳኑ እንውጣ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ቀጫጭን ወራጆች ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማሉ፤ በጫፋቸው ላይ በቁመት የሚሄድ የጉልላት አግዳሚ ግን የለም። ይህ ከሆነ ጥንዶቹ ሁሉ ተከታትለው ወደ አንድ ጎን እንዳይጋደሙ የሚከለክላቸው ምንድን ነው? መልሱ ክራውን ፖስት በሚባለው አጭር ምሰሶ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የሚሻገር፣ መሃሉ ወደ ላይ ደገን ያለ ወፍራም ማሰሪያ አለ። በእርሱ መሃል ላይ አጭሩ ምሰሶ ይቆማል፤ ምሰሶው በቤቱ ርዝመት የሚሄድ አንድ አግዳሚ ይሸከማል፤ በዚያ አግዳሚ ላይ ደግሞ እያንዳንዱን የወራጅ ጥንድ የሚያያይዙት አጫጭር መስቀሎች ያርፋሉ። ከምሰሶው ራስ ላይ ቆልማማ ድጋፎች ወደ አራት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። በዚህ መንገድ ክዳኑ ወደ ጎንም ወደ ፊትም አይጋደምም። በአዳራሹ ውስጥ የሚያምረው ይህ ምሰሶ ለጌጥ የቆመ የሚመስለው አለ፤ አንዳንድ ቤት ውስጥ «መተላለፊያ ዘጋብን» ተብሎ ድጋፎቹ ሲቆረጡ ወራጆቹ በጥቂት ዓሥርተ ዓመታት ውስጥ ሲያዘነብሉ ይታያል።

በእነዚህ ቤቶች ወራጆቹ ላይ ያለውን ጥቀርሻ ማጽዳት ትልቅ ጥፋት ነው። ጥቀርሻው አዳራሹ ክፍት ምድጃ እንደነበረውና ወራጆቹ ከጥንት ጀምሮ የነበሩ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ጥቀርሻ ያለው ወራጅ ጥቀርሻ ከሌለው ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ፣ ክዳኑ የትኛው ላይ እንደታደሰ ይታወቃል። ጎጆ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ጭስ ክዳንን ከነፍሳት እንደሚጠብቅ ያውቃል፤ እዚህም ያደረገው ያንኑ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው። በዋናዎቹ ምሰሶዎች መካከል ያለው ክፍተት የተሞላው በምርጊት ነው። የባሉጥ ዘንጎች ይሰነጠቃሉ፤ የላይኛው ጫፋቸው ሾሎ ከላይኛው አግዳሚ ሥር በተበሱ ቀዳዳዎች ይገባል፣ የታችኛው ጫፋቸው በታችኛው አግዳሚ ላይ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ እየተንሸራተተ ይጠብቃል። በዘንጎቹ መካከል ሄዘል ከሚባለው ቁጥቋጦ የተቆረጡ ለምለም ቀጫጭን ቅርንጫፎች እንደ ማገር ከፊትና ከኋላ እየተጠላለፉ ይሸመናሉ። ጭቃው የሸክላ አፈር፣ አሸዋ፣ የተከተፈ ጭድና እበት ነው። ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይመረጋል፤ አንዱ ሠራተኛ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ ጭቃውን እየወረወረ ሲጫነው በሽመናው ቀዳዳዎች መሃል ላይ ይገናኝና አንድ አካል ይሆናል። ከአንድ ወገን ብቻ የተመረገ ግድግዳ ሽመናውን ስለማይጨብጥ ይላጣል። ሸክላው ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ አሸዋ ካልጨመሩለት በስተቀር በላዩ ላይ እንደገና መለሰን አይፈታውም። ጭዱ ካነሰ ደግሞ ስንጥቁ ቀጭን ሆኖ አይበተንም፤ አንድ ቦታ ላይ ይሰፋል። ከዚያም ጭቃው ሲኮማተር ከምሰሶው ጋር የሚፈጥረው ክፍተት ጭቃው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተጠብቆ በኖራና በጸጉር ይደፈናል። ቸኩሎ የደፈነ ሁለተኛ ይደፍናል።

የላዩ ልባስ የኖራ ቀለም ነው። የተላቆጠ ኖራ እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ ይበረዛል፤ ግድግዳው በውሃ ይረጠባል፤ ቀለሙ ስስ ሆኖ አራት አምስት ጊዜ ይቀባል፣ በእያንዳንዱ መካከልም አንድ ቀን ይጠበቃል። ጠንከር አድርጎ በአንድ ጊዜ የቀባ ሰው በሳምንቱ ዱቄቱን እጁ ላይ ያገኘዋል። የሙቀት መጠኑ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወይም ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው አይቀባም፤ ኖራው ከአየር የሚፈልገውን ሳያገኝ ይደርቃል ወይም ይበረዳል።

ወለሉን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፤ ለእኔ የቤቱ ምርጥ ክፍል እርሱ ነው። የአዳራሹ ወለል ጠመኔ ነው። የአካባቢው ኮረብቶች ሁሉ ከጠመኔ ድንጋይ የተሠሩ ስለሆኑ ቁሱ ከደጅ ይገኛል። ድንጋዩ ይደቅቃል፣ በውሃ ይርሳል፣ በስስ ንብርብር ይነጠፋል፣ እያንዳንዱም ንብርብር እስኪጠጥር ድረስ ይደለደላል። ላዩ የሚታተመው በኮመጠጠ ወተት ነው። ወተት ሲኮመጥጥ የሚረጋው ፕሮቲን ከጠመኔው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ማጣበቂያ ይሆናል፤ አናጺዎችም ይህን ሙጫ ለእንጨት ይጠቀሙበት ነበር። ወተቱ በስሱ ይቀባል፣ ይመጠጣል፣ ይደገማል። በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ከተቀመጠ ላዩ ላይ ቆዳ ይሠራና ይላጣል። የተጠናቀቀው ወለል ጠንካራና አቧራ የማያስነሳ ነው፤ የመሬቱን እርጥበት ግን አያፍንም፣ ቀስ እያለ ወደ ክፍሉ አየር ያስተነፍሰዋል። ቤቱ ከወንዝ አጠገብ በዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ወለል ላይ ፕላስቲክ ወይም ሲሚንቶ ቢነጠፍ መሬት ውስጥ ያለው ውሃ አይጠፋም፤ መውጫ ፍለጋ ወደ ጠርዝ ሄዶ የግድግዳውን ግርጌ ይወጣዋል። እዚያ የሚያገኘው የባሉጥ አግዳሚ ነው።

ቤቱ እንዴት ለጥፋት ቀረበ? ገዳሙ በ1530ዎቹ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ከሌሎች ገዳማት ጋር ተዘጋ። ቀጥሎም የእንግሊዝ ካህናት እንዲያገቡ ተፈቀደ፤ ሚስትና ልጆች ያሉት ቄስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት ይፈልጋል። የቤቱ አንደኛው ጫፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ተሠርቷል፤ ጭስ ማውጫም ገባለት። በኋላ ቄሶቹ ለቀውት ለድሆች ሠራተኞች ይከራይ ጀመር። ኪራዩ ጥቂት ነበር፤ ጥገናውም እንደዚያው። በ1879 እንዲፈርስ ፈቃድ ተሰጠ። ያኔ ያተረፈው በውስጡ የነበሩ አንዲት አሮጊት ተከራይ እስኪሞቱ ድረስ እንዲቆዩ መለመናቸው ነው። እርሳቸው ባይለምኑ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ከዚያ የመጣው የአጥቢያው ቄስ ኤፍ. ደብልዩ. ቤይነን ጉዳዩን ይዞ ወደ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ሄደ። ይህ ማኅበር በ1877 በዊልያም ሞሪስና በፊሊፕ ዌብ የተመሠረተ ሲሆን፣ አሮጌ ሕንፃን «ወደ ጥንቱ መመለስ» በሚል አዲስ ማድረግን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ማኅበሩ ራሱ ቤት የመግዛት ሥልጣን አልነበረውም፤ ናሽናል ትረስት በ1895 በኦክታቪያ ሂል፣ በሮበርት ሀንተርና በሃርድዊክ ሮንስሊ ሲቋቋም መንገዱ ተከፈተ። 10 ፓውንዱ ለስሙ ያህል የተከፈለ ነበር። ሥራው የወደቀው በእድሳቱ ላይ ነው፤ ለእርሱ 350 ፓውንድ ያህል መሰብሰብ ነበረበት።

እድሳቱን የመራው አርክቴክት አልፍሬድ ፓውል ነው። የጥበቃ ማኅበሩ መርሕ ግልጽ ነው፤ የሚጠገነው የተበላሸው ብቻ ይሁን፣ አዲሱም አዲስ መሆኑ ይታወቅ። ይህ በእንጨት ሥራ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ነው። የምሰሶ እግር ሲበሰብስ ምሰሶው አይጣልም፤ የበሰበሰው ይቆረጣል፣ ጤነኛው እንጨት በረጅም ሰያፍ ይጠረባል፣ በዚያው ሰያፍ ልክ የተጠረበ አዲስ ባሉጥ ይገጠምለትና በችካል ይታሰራል። የሰያፉ ርዝመት ከምሰሶው ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ቢሆን ጭነቱን በደንብ ያስተላልፋል። አጭር ከሆነ ይታጠፋል። ሰያፉ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲያፈስ ሆኖ መዞር አለበት፤ በዚህ ስንት ጥሩ ሥራ ተበላሽቷል።

ዛሬ እንዲህ ያለ ቤት በእጁ ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የግርጌውን አግዳሚ ነው። አግዳሚው ሲሠራ ከመሬት ከፍ ባለ የባልጩት መሠረት ላይ ይቀመጣል። በዘመናት ውስጥ ግን አበባ ሲተከል፣ መንገድ ሲደለደል፣ ቅጠል ሲከመር መሬቱ ከፍ እያለ ይመጣና አግዳሚውን ይቀብረዋል። መድኃኒቱ አካፋ ነው፤ አፈሩን ከግድግዳው ማራቅና ወደ ኋላ መግፋት። ቀጥሎ የሚመጣው የሲሚንቶ ልባስ ነው። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ባሉጡ በበጋና በክረምት ሲላወስ ሲሚንቶው ከጎኑ ቀጭን ስንጥቅ ይከፍታል፣ ዝናብ በዚያ ይገባል፣ ግን በሲሚንቶው በኩል መውጣት አይችልም። ላዩ ደረቅና ነጭ ሆኖ ሳለ ከውስጥ የምሰሶው እግር ዱቄት ይሆናል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ሻጋታ ይነሳል፤ በሻጋታ የለሰለሰውን ባሉጥ ደግሞ አሮጌ ባሉጥ የሚወድ ነቀዝ ይገባበታል፣ ትሉም በውስጡ ዓመታት ይቆያል። ብዙዎች የሚሮጡት ወደ መርዝ ነው። መርዙ ከላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰርጋል፣ ትሉ ያለው ግን መሃል ላይ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ነቀዙ መራባቱን ያቆማል።

ስለ ክዳኑ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የሳር ክዳን ተዳፋት ከ45 ዲግሪ ባነሰ ጊዜ ውሃው ፈጥኖ አይወርድምና ይበሰብሳል፤ 50 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። የውሃ ሸምበቆ ከስንዴ አገዳ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ጉልላቱ ላይ ያለው ንብርብር ግን በየአሥር አሥራ አምስት ዓመቱ መቀየር አለበት። ትልቁ ጠላት እሳት ነው። ጭስ ማውጫው በኋላ የገባባቸው ቤቶች ላይ ጡቡ ከሳሩ ጋር ተጣብቆ ያልፋል፤ በጡቡ መካከል ያለው ኖራ ሲረግፍ ትኩስ ጋዝ ወደ ሳሩ ይሾልካል፣ ከላይ ምንም ጭስ ሳይታይ ሳሩ ለሰዓታት ውስጥ ውስጡን ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ማውጫው በዓመት ሁለቴ ይጠረጋል፣ አናቱም ከጉልላቱ ቢያንስ 1.8 ሜትር ከፍ ይላል፣ የሚነደውም እንጨት በደንብ የደረቀ ይሆናል፤ እርጥብ እንጨት ብልጭታና ዝፍት ያበዛል። የኤሌክትሪክ መስመር በሳሩ ውስጥ አይዘረጋም። የሚያበራ መብራት ከወራጅ ላይ ሲሰቀል ከሳሩ ይራቅ፣ በክዳኑ ሥር ያለውም ባዶ ቦታ በክፍሎች መካከል እሳት በማያሳልፍ ግድግዳ ይከፈል፤ ግድግዳው ግን ጥቀርሻ ያለውን ወራጅ ሳይነካ በነጻ የሚቆም መሆን አለበት።